ሃምሳ ዓመት የሞላው የትርንጎ ሸክላ

መርሳ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኣፅብሃ፣ አዳማ

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

«በሕይወት ካሉ ይመልሱልኝ» ብለህ ጽፈህልኛል። አለሁ፤ ይኸው መለስኩ። ሁለተኛ ግን አንቱ እንዳትለኝ። አንድ ማይክሮፎን ፊት ቆመን ስምንት ዘፈን የቀረጽን ሰዎች ነን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስንገናኝ አንቱታ ምን ይሠራልናል?

ደብዳቤህን ያመጣችልኝ ማህሌት ናት፤ ወልድያ ትምህርት ቤት ሙዚቃ የምታስተምረው ልጅ። አንተ ማንነቴን ሳትነግራት እንደጠቆምካት መርሳ ገበያ ገብታ «የጨርቅ ነጋዴው የእንድሪስ ልጅ የት ትገኛለች?» ስትል ወደኔ ሰደዷት። የፓፓያ ችግኝ እያጠጣሁ ነበር። ትርንጎ የምትባል ዘፋኝ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን አድርጋ ነው ብላት፣ ዘፋኟ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እንደሞተች፣ ሸክላዋ ግን ጥር ላይ ሃምሳ ዓመት ስለሚሞላው መታሰቢያ እንደሚያደርጉላት ነገረችኝ። ሸክላውን እንደገና ያሳተሙት የውጭ አገር ሰዎች መሞቴን በመጽሔታቸው ላይ ጽፈውታል አሉ። በሰባ ሰባት እኔ ልጄን ዓሪፍን ወልጄ አራስ ነበርኩ። ልጅቷን ጥላ ሥር አስቀመጥኳትና፣ «ትርንጎ እኔ ነኝ፤ ለመታሰቢያው ትንሽ ቸኩላችኋል» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ ደብዳቤህን ከቦርሳዋ አወጣች።

እንዴት እንደኖርኩ ጠይቀኸኛል። የግራናውን አብዱልሐሊምን አገባሁ፤ ደግ ሰው ነበር። ወደ አኼራ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። ዓሪፍ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ይሠራል፤ የማሽላ ዘር ሲያወዳድር ነው የሚውለው። እኔ የፓፓያ፣ የማንጎና የብርቱካን ችግኝ አፈላለሁ። ከሐራ ጀምሮ እየመጡ ይወስዱልኛል።

ባሌ ስለ ትርንጎ ያውቅ ነበር፤ በሠርጋችን ሳምንት ነግሬዋለሁ። ልጄ ግን አያውቅም። አልደበቅኩትም፣ አልነገርኩትምም፤ እንዲሁ አርባ ዓመት አለፈ። ስለዚህ ስለ በዓሉ ገና አልወሰንኩም። ስወስን አላስጠብቅህም።

ደብዳቤህን ስትጨርስ «ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለኝ» ብለህ ዘለኸዋል። አትዝለለው። ስልክ ቁጥሬን ከታች ጽፌልሃለሁ፤ ደውልና ንገረኝ።

ሀጂራ እንድሪስ


አዳማ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጂራ

እንደምን ከርመሻል? አንቺ እንድልሽ አዘሽኛልና ታዘዝኩ።

ደብዳቤሽን ያደረሰልኝ የወልድያው አውቶቡስ ሾፌር ይታገሱ ነው። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን እንዳየሁ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ትብለፅ ወንበር አመጣችልኝ። መሞትሽን ሳነብ አላመንኩም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አምኜ ነበር፤ ደብዳቤውን ለማህሌት የሰጠኋት ምናልባት ብዬ ነው። ያመንኩትም ጠይቄ ስለማላውቅ ነው። ከባንድ ሥራ ጡረታ ወጥቼ ወልድያ፣ የአባቴ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ከአንቺ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ መሆኔ ነው። በመርሳ በኩል ሳልፍ በመስኮት እንኳ አላይም ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለምና በጽሑፍ ቻይኝ።

1968ን ታስታውሻለሽ፤ ጥቅምት ላይ ቀርጸን ሸክላው በጥር ወጣ። አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ መርካቶ አክስትሽ ቤት ተቀምጠሽ ታይፕ ትማሪ ነበር። እኔ ሃያ አራት። ያኔ ሶል ሶል የምንለውን የባሕር ማዶ ሙዚቃ ከአምባሰል ጋር አዋሕደን «ከመርሳ ወዲህ»ን በአንድ ቀን ቀረጽነው፤ ከጠዋት ጀምረን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ጨረስን። ሙዚቃ ቤቱ ለሽፋኑ ስምሽን ሲጠይቅ «ትርንጎ በሉኝ» አልሽ። ማንም ለምን አላለሽም።

ሸክላው እንደወጣ ለጥምቀት ወደ ወልድያ ስመጣ አንዱን ይዤ መርሳ ላይ ወረድኩ። አባትሽ ሱቅ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ እንዳላቸው አንቺ ነበርሽ የነገርሽኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የማን ነው ሳልላቸው አጫወቱት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ የሚለኩትን ጨርቅ አስቀመጡ። «ይቺ ሀጂራ ናት» አሉ። አልተቆጡም። ምሳ አበሉኝ። አሁንም አክስትሽ ቤት መሆንሽን ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። በማግሥቱ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ በዓሉን ውዬ ስመለስ አንቺ የለሽም።

ባንዱ «ትርንጎ የት ገባች?» ሲል ዝም አልኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ያንን ድምፅ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለዚህ ነው።

ማህሌት ለበዓሉ ጋብዛኛለች። እኔ ግን ወልድያ አልመጣም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ኣፅብሃ


መርሳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኣፅብሃ

አሰላሙ አለይኩም። አንተም ትብለፅም እንደምን ናችሁ? የላከችልኝ ነጠላ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ በላት። ይታገሱ የሚያደርስላችሁ ማንጎ ከራሴ ጓሮ ነው። ለስላሳውን ቶሎ ብሉት።

ምክንያቱን አትጠይቂኝ ብለሃል። እጠይቅሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ።

አባቴ አክስቴ ቤት ሲመጣ አልጮኸም። ሻንጣሽን አዘጋጂ አለኝ፤ አዘጋጀሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ደሴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ምን ዓይነት ቁጣ እየተጠራቀመልኝ እንደሆነ አስብ ነበር። ደሴን እንዳለፍን ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ድምፅሽን አላህ ሰጠሽ። ስምሽን እኔ ሰጠሁሽ። ድምፁን ይዘሽ ስሙን ለምን ጣልሽው?»

ፈርቼ ነው የጣልኩት፤ ግን ለማን ፈርቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ሰው እንዳያውቀኝ የሸሸሁበት ስም አባቴን አስቀየመው እንጂ ዘፈኑ አላስቀየመውም። እኔን ሊወስደኝ የመጣውም ታሞ ስለነበር ነው። ልቡ ነበር። ለአክስቴ እንኳ አልነገራትም። አትዝፈኚ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ዓመት አስታመምኩት፤ በእጄ ላይ አረፈ። ከዚያ ሱቁን ያዝኩ። ከዚያ አብዱልሐሊም ሽማግሌ ላከ፤ እኔም ወደድኩት። አዲስ አበባ መመለስ ብፈልግ አውቶቡሱ በሬ ላይ ነው የሚያልፈው። አልፈለግሁም። ማንም አላሰረኝም።

ስለዚህ ድምፄን የዘጋኸው አንተ አይደለህም። የተዘጋም የለም። ሐሙስ ሐሙስ የመርሳ ሴቶች ተሰብስበው መንዙማ ሲሉ የምመራው እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት መራሁ። አንተ መስማት አቆምክ እንጂ እኔ ማዜም አላቆምኩም። ወልድያ ተቀምጠህ አሥራ ሁለት ዓመት አለመምጣትህ ግን አስቆጥቶኛል። እሱን ይቅር እስክልህ ጥቂት ቀን ስጠኝ።

ለዓሪፍ ነገርኩት። ምሳ እየበላ ነበር። ሁሉንም ከመጀመሪያው አወራሁለት። አባቱ ያውቅ እንደነበር ብቻ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ሰላም ይለኛል፣ የጎደለኝን ያሟላል፤ አይቀመጥም። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «እማ፣ የመስጊድ ሰው ምን ይላል? ልጆቼስ ምን ይባላሉ?» አለኝ። የሀጂራ የልጅ ልጆች ይባላሉ አልኩት። አልሳቀም።

ማህሌት በየእሑዱ እየመጣች ነው። ዘፈኖቹን በበዓሉ ላይ የምትዘፍናቸው እሷ ናት። ድምፅ አላት፤ ችኩል ናት እንጂ። ሦስተኛውን ዘፈን ለምደን መጨረስ አቅቶናል። ያንተ ሳክስፎን የመጀመሪያውን ስንኝ ይጠይቃል፣ እኔ ሁለተኛውን እመልሳለሁ፤ ታስታውሰዋለህ፦

ሐራ ላይ ብጠብቅ ግራና ላይ ዋለ፣
እግሩ ነው የራቀው ልቡ እዚህ አለ።

ልጅቷ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። «አምባሰል ቁልቁለት ነው፤ እየሮጥሽ አትውረጂው፤ ጉልበትሽን ይዘሽ ውረጂ» አልኳት። እሑድ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘችው።

ወስኛለሁ፤ እሄዳለሁ። ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ሀጂራ እንድሪስ ተብሎ ይጻፋል፤ ማህሌት ተስማምታለች። እኔ አልዘፍንም። ዘፈኑ አሁን የእሷ ነው። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ሰው ይየኝ።

አንተም ትመጣለህ። ለምን አልመጣም እንዳልክ ጻፍልኝ። ለምን እንደማትደውልም ጨምርበት። ደውልልኝ ብልህ በሰበብ አለፍከው።

ሀጂራ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጂራ

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ የዘገየው መንገዱ ለዐሥር ቀን ተዘግቶ ይታገሱ ስላልወጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ባይዘጋም እዘገይ ነበር።

የአባትሽን ነገር ትብለፅ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኩ። «ስሙን ለምን ጣልሽው» የሚለውን መልሳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይህን ያህል ዘመን ስፈራቸው የኖርኩት ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የማልደውለው ድምፅ ስለሌለኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እንቅርቴን በቀዶ ጥገና አወጡልኝ። እንቅርቱ ወጣ፤ ድምፄ አልተመለሰም። ማንንም አልወቅስም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር። አሁን በሹክሹክታ ነው የምናገረው፤ በስልክ ምንም አይሰማም። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ ብጽፍልሽ ታዝኝልኛለሽ፣ አዝነሽም ይቅርታውን በነፃ ትሰጭኛለሽ ብዬ ደበቅኩት። ትንፋሽ ግን አለኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቼ ሳክስፎኔን እነፋለሁ። እንደ ድሮው አይረዝምም። ጎረቤት አልተቆጣም፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ወልድያን ጠየቅሽኝ። አባቴ ከአድዋ መጥቶ ወልድያ ቤት የሠራው እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ሌላ አገር የለኝም። ጦርነቱ መጥቶ ሲያልፍ ግን ሁሉም የሞተበት፣ የተዘረፈበት አለ። እኛም አለቀስን፣ ጎረቤቶቻችንም አለቀሱ፤ አብረን ግን አላለቀስንም። ማንም እጁን አላነሳብኝም። የተቋረጠው ሰላምታ ነው። አጥር የሚለየን መልካሙ የሚባል አናጺ አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ» የሚለኝ ሰው ነው። አንድ ጠዋት አላለኝም። እኔም አላልኩትም። ሦስት ወር እንዲያ ከኖርን በኋላ ትብለፅ ወዳለችበት አዳማ መጣሁ። ቤቱ ተቆልፎ ነው ያለው።

አሁን ድምፅ የሌለው ሽማግሌ ሆኜ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ሰላም የሚለኝ ቢጠፋ፣ እኔም ጮክ ብዬ ሰላም ማለት አልችልም። የምፈራው ይህን ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል።

የማህሌት ነገር ደስ ብሎኛል። ጥያቄው ሳያልቅ አለመመለስን አንቺም የተማርሽው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጠዋቱን በሙሉ ስትቀድሚኝ ነበር።

ኣፅብሃ


መርሳ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኣፅብሃ

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ለገና አደረሳችሁ፤ በዓሉን በሰላም እንደዋላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ድምፅህ አላዘንኩልህም፤ ተቆጣሁ እንጂ። ጆሮዬ ደህና ነው። ሹክሹክታህን እሰማለሁ።

የጻፍከው ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ወልድያ ወጣሁና መልካሙን ፈልጌ አገኘሁት። ሥራ ቦታው ላይ በር እየላገ ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ስለ አንተ እንደመጣሁም ነገርኩት። መላጊያውን አስቀመጠና የእንጨቱን ፍቅፋቂ ከልብሱ ላይ አራገፈ። በኋላ፣ «እናቴ፣ ሰላምታውን መጀመሪያ ያቆምኩት እኔ ልሁን እሱ፣ አላስታውሰውም» አለኝ። ወንድሙ በዚያ ጦርነት እንደሞተ አጫወተኝ። ያንን አልጻፍክልኝም፤ ሳታውቀው ቀርተህ ይመስለኛል። አንተ መሄድህን ያወቀው ቁልፉን በሩ ላይ ሲያይ ነው። በዓሉ ጥር 23 ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ አንተም እንደምትመጣ ነገርኩት። ትመጣለህ ያልኩት አንተን ሳልጠይቅ ነው። ቃሌን እንዳታሳጥፈኝ።

ዓሪፍ ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ መጣና ተቀመጠ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የማሽላውን ነገር፣ የዝናቡን ነገር አወራን። ሊነሳ ሲል፣ «ወልድያ የምወስድሽ እኔ ነኝ፤ መድረክ ላይ ግን አትወጪም። ቃል ግቢልኝ» አለኝ። ቀድሞም አልወጣም ብያለሁና ቃል ገባሁለት። እጄን ስሞኝ ሄደ። ደስ አላለውም፤ ግን ይመጣል። ለእኔ ለጊዜው ይበቃኛል።

አሁን የምታደርገውን ስማኝ። ጥር 22 ዓርብ በይታገሱ አውቶቡስ ትሳፈራለህ፤ የፊት ወንበር ይዞልሃል። ወልድያ ድረስ አትሄድም። መርሳ ላይ ትወርዳለህ። ዓሪፍ መንገድ ላይ ይቀበልሃል፤ ረጅም ነው፣ መነጽር አለው። እኛ ቤት ታድራለህ። ቅዳሜ ሁላችንም በእሱ መኪና አብረን ወልድያ እንገባለን። በዚያ ሰፈር ብቻህን አታልፍም።

ሳክስፎንህን ይዘህ ና። ማህሌት ያገኘችው የሳክስፎን ተጫዋች ጎበዝ ነው፤ ግን ጥያቄውን አያውቀውም።

ሀጂራ


መርሳ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኣፅብሃ

አሰላሙ አለይኩም። በሰላም መግባትህን ይታገሱ ነግሮኛል፤ አልሐምዱሊላህ። እሑድ ጠዋት ተቻኩለህ ስለሄድክ የምልህን ሳልልህ ቀረሁ። አሁን እልሃለሁ።

መልካሙ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ ሳይ አልተገረምኩም። ሰላም ሳይልህ የሳክስፎኑን ሣጥን ከእጅህ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ዓይኔን ጠረግኩ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ምን እንደተባባላችሁ አልጠይቅህም። የእናንተ ነው።

የእኔ የሆነውን ግን ታብራራልኛለህ። ማህሌት ሁለቱን ዘፈን በደንብ ዘፈነች፤ ሰውም ወደዳት። ስሜን ስትጠራ ከወንበሬ ተነስቼ፣ «ሀጂራ እንድሪስ እባላለሁ፤ ትርንጎ እኔ ነኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንተ ጥያቄውን ነፋህ፤ ቆምክ። ልጅቷ ዝም አለች። እንደገና ነፋህ፤ አሁንም ዝም። መድረኩ ላይ ሆነህ በቀጥታ እኔን ታያለህ። ሦስተኛውን ስትነፋ ትንፋሽህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ መልሱን ሳልሰጥ መቀመጥ አልቻልኩም።

መድረክ ላይ አልወጣሁም፤ ቃሌን አላፈረስኩም። ተቀምጬ፣ ያለ ማይክሮፎን መለስኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አንተ ስትጠይቅ እኔ ስመልስ ዘለቅን። ድምፄ ጎርንኖ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከነበረው ይህኛውን ወደድኩት። ሰው ሲነሳ፣ ሲያጨበጭብ ምንም አላየሁም። የማየው ዓሪፍን ነበር። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

አላፈርኩም፤ ይህን እወቅልኝ። ማክሰኞ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «ሀጂራ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጉድሽን ደብቀሽ!» እያሉ ሳቁብኝ። ዛሬ ሐሙስ ለመንዙማው የመጣው ሰው ግቢውን ሞልቶ አጥር ላይ ተረፈ። ወጣት ሴቶችም መጥተዋል። ስድስቱ ድምፅ ልማር ብለውኛል፤ አምባሰሉንም መንዙማውንም። እሺ ብያቸዋለሁ። ረመዳን ሳይገባ አንድ ቅዳሜ አለችን፤ የካቲት 7። ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን።

ግን ዓሪፍ ከወልድያ እስከ መርሳ መኪናውን ሲነዳ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲህም ስለዚያ ቀን አላነሳም። አንተ አስቀድመህ አስበህበት ነው ያደረግኸው፤ ልጅቷንም ዝም በይ ብለሃታል፤ እሷን ብጠይቃት ቀላች እንጂ አልመለሰችም። እኔ አልዘፍንም ስልህ ሰምተኸኛል። ልጄ ቃል እንዳስገባኝ ታውቃለህ። ከልጄ ጋር ምን ውስጥ እንዳስገባኸኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለምን አደረግኸው?

ሀጂራ


አዳማ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጂራ

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መልሱን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ላልናገር ቃል የገባሁት ነገር አለ፤ አሁን ላፈርሰው ነው። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ሃምሳ ዓመት ከፈልኩ፤ ሁለተኛ አልከፍልም።

ዓርብ ዕለት እናንተ ቤት እንደደረስኩ አንቺ ለዐስር ሶላት ስትገቢ እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ነበር። ዓሪፍ ሻይ ይዞልኝ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን እንደ እኔ ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ዘፈኖቹን ከማህሌት በስልኩ ላይ አስጭኖ፣ ሲሪንቃ ማሳው ዳር መኪናው ውስጥ ሆኖ አንድ ወር ሙሉ እንደሰማቸው ነገረኝ። መጀመሪያ የሰማው ሰው ነገሩን ሲያነሳ መልስ እንዲኖረው ነበር። በኋላ ሌላ ነገር ሆነበት። «ጋሼ፣ ሕፃን ሆኜ ሳተኩስ የምታንጎራጉርልኝ ይህንኑ ሦስተኛውን ነበር፤ ቃል የለውም ብዬ ነበር የማስበው» አለኝ።

እንግዲያውስ ቃል ያስገባሃትን ተውላት፣ ሄደህ ንገራት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ወር አኩርፎሽ ከርሞ አሁን ዝፈኚ ማለት አፈረ። ደግሞም አንቺን ከእኔ የበለጠ ያውቅሻል። እንዲህ ነው ያለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፦ «እናቴ ተለምና አትዘፍንም። ተጠይቃ ግን ሳትመልስ አትቀርም። እርስዎ ጥያቄውን ይንፉና ይቁሙ። ማህሌትን ዝም በይ ብያታለሁ። እስክትመልስ ድረስ ደጋግመው ይንፉ።»

እሷ ባትመልስስ አልኩት። «ትመልሳለች» አለኝ።

አንገቱን ደፍቶ ነበር ብለሻል። ከመድረኩ ላይ ሆኜ አንቺ ያላየሽውን እኔ አይቻለሁ። አንገቱን የደፋው ስትጀምሪ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ ጠርጎ ሲያበቃም መልሶ አላደረገውም።

ዓርብ በይታገሱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ለስድስቱ ልጆች ሳክስፎኑን ይዤላቸዋለሁ። ከዚያ ወልድያ ሄጄ ቤቴን እከፍታለሁ፤ መልካሙ የበሩ እንጨት በእርጥበት ስላበጠ እንደሚልገው ነግሮኛል። ከእንግዲህ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ፤ በየሳምንቱ ታይኛለሽ።

ለምን እንዲያ አደረግህ ያልሽኝን ግን ከእኔ አትጠይቂ። እኔ የነፋሁት የልጅሽን ጥያቄ ነው፤ አንቺም የመለስሽው ለእሱ ነው።

ኣፅብሃ